ነውር የሌለባት መኪና

ላፍቶ፣ መስከረም 20 ቀን 1988 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ልጅ ለመኩሪያ ልጅ፣ ለኢያቄም፤

እንደምን ከርመሃል? አዲሱ ዓመት የጤና ይሁንልህ፤ አባትህን በሰላም ያሳረፈ አምላክ አንተንም በሰው አገር ከክፉ ይሰውርህ። ምርቃቱ እዚህ ላይ አበቃ። የቀረው ንዴት ነውና ቁጭ ብለህ አንብበው።

ባለፈው ግንቦት ያቺን አሮጌ መኪና ከአሰብ ድረስ ነድተህ አምጥተህ ግቢዬ ውስጥ ስትገትራት ምን ነበር ያልከኝ? «እትዬ፣ እንደ በግ ሣር አትፈልግ፣ እንደ ውሻ አትጮኽ፤ ዝም ብላ ትቆማለች» ነበር ያልከኝ። እኔም ሞኝ፣ እሺ አልኩ። አልጋዋን፣ ምድጃዋን፣ የዕቃ ማጠቢያዋን፣ ወደ ላይ የሚነሳውን የሸራ ጣሪያዋን እየከፈትክ ስታሳየኝ፣ የሰፈሩ ሰውም «ባለጓዳዋ» ብሎ ስም ሲያወጣላት፣ ትንሽ ኩራት ቢጤ ተሰምቶኝ ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው።

አንተ ጀርመን አገር ብሬመንህ ገባህ፤ እዚህ ክረምት ገባ። ሐምሌ ላይ በጣሪያዋ መስኮት ዙሪያ ውሃ ይንጠባጠብ ጀመር። ፍራሹ ሻገተ፣ የወለሉ እንጨት አበጠ፣ የኋላ ጎማዋ ተነፈሰ። ከአጥሬ ማዶ ባቄላ የምትዘራውን ገዲሴን ታውቃታለህ፤ ከማሳዋ የተሰደደ አይጥ ሁሉ ሞተሩ ውስጥ ገብቶ የሽቦውን ላስቲክ ልጦ በላው። ዶሮዋ ደግሞ አልዘጋ ባለው መስኮት ገብታ ምድጃህ ላይ ታቅፋ ጫጩት ፈለፈለች። ጫጩቶቹ ያማሩ ናቸው፤ ደስ ይበልህ።

እኔ ባሌን ቀብሬ ብቻዬን የምኖር ሴት ነኝ። መኪና ይቅርና ብስክሌት ገፍቼ አላውቅም። በዝናብ መሰላል ላይ ወጥቼ ያንን ቀዳዳ በምን እንደደፈንኩት አትጠይቀኝ፤ ደፍኜዋለሁ። ግን ከእንግዲህ አልችልም። ወይ መጥተህ ውሰዳት፣ ወይ ሽጫት በለኝ።

ተናድጃለሁ እንጂ አልጠላሁህም።
እትዬህ ተሾመች


ብሬመን፣ ኅዳር 4 ቀን 1988 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎት ለእትዬ ተሾመች፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎንስ ብርዱ አልያዘዎትም? እኔ ለክፉ አልሰጥም። ደብዳቤዎን ሥራ ላይ ሆኜ አንብቤው ሳቅሁም ተናደድሁም፤ በመጨረሻ ግን ንዴቱ አሸነፈ።

እትዬ፣ «ሽጫት በለኝ» የሚለውን ቃል ሁለተኛ እንዳይጽፉብኝ። ያቺን መኪና ከአንድ ሽማግሌ ጀርመናዊ ስገዛት ዝገት ነበረች። ሁለት ክረምት ሙሉ ከፋብሪካ ስወጣ በበረዶ እጄ እየደነዘዘ ነው የጠገንኋት። አልጋዋን በእጄ ነው የሠራሁት። ሌላው ሰው እዚህ ቤት ይገዛል፤ እኔ የገዛሁት መመለሻዬን ነው። ጥቂት ዓመት ሠርቼ እመጣና ጋሞን፣ ጎንደርን፣ የባሌን ተራሮች በእሷ እዞራለሁ፤ በመሸበት አድራለሁ፤ አገሬን አውቃታለሁ። አስረኛ ክፍል እርስዎ ቤት ሆኜ ስማር ከመካኒሳ ወዲያ አገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ታዲያ ይህን እንዴት ልሽጥ?

ይልቅ የምለውን ያድርጉልኝ። ጎማዎቹ መሬት ላይ ቆመው እንዳይሞቱ ከሥሯ ድንጋይ አስደርድረው ከፍ ያስደርጓት። ባትሪውን ያስፈቱት። ፀሐይ በወጣ ቁጥር ጣሪያዋን ከፍተው ሸራው ይናፈስ። መካኒሳ ጋራዥ ያለውን ኦልጅራን ጠርተው ባትሪውን እየመለሰ ሞተሩን በየሳምንቱ ያስነሳልዎት፤ ልጁ ጨዋ ነው። ዶሮዋን ደግሞ ስለ እግዚአብሔር ያባርሩልኝ።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። በሚመጣው ወር ለትንሽ ነገር ሐኪም ቤት እተኛለሁ፤ ሆዴን ሊያዩት ነው። ምንም አይደለም፤ ለማንም አይንገሩ።

በምርቃትዎ አይርሱኝ፤ ንዴቱን ግን ቀነስ ያድርጉልኝ።
ኢያቄም


ላፍቶ፣ የካቲት 25 ቀን 1988 ዓ.ም.

ይድረስ ለኢያቄም፤ ሞቶ ለተነሳው፤

«ለትንሽ ነገር!»

እንደምን ነህ አልልህም፤ እንዴት እንደሆንክ ካንተ በፊት ሰምቻለሁ። አብሮህ የሚኖረው ክብረት እግዚአብሔር ይስጠውና ዳኜ ሱቅ ስልክ ደውሎ ነገረኝ። ጨው ልገዛ ሄጄ፣ ዳኜ «ከጀርመን ነው» ብሎ ስልኩን በባንኮኒው ላይ ሲያቀብለኝ፣ እኔ ጨውና ስልክ ይዤ መርዶ ሰማሁ። አንጀትህ ሆድህ ውስጥ ፈንድቶ፣ መርዙ በደምህ ሄዶ፣ ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠው! ይኼ ነው ትንሽ ነገር? ትልቅ ብትለው ኖሮ ምን ልሰማ ነበር? ሰው ለዘመዱ እንዲህ ይዋሻል? መቼም ደጋግሜ ብቆጣህ አልጠግብም።

ተርፈሃል። እመቤቴ ትመስገን። ሌላ አልጨምርም።

አሁን ወደ መኪናዋ ልመለስ። ልሽጣት ያልኩትን እርሳው። ኦልጅራን አስጠርቼ ከላይ እስከ ታች አስፈትሼያታለሁ። ፍሬኗ፣ ወለሏ፣ ሽቦዋ፣ ጣሪያዋ፣ አንድም ሳይቀር እንደ አዲስ መሆን አለበት። እዚህ የሚገኘውን እዚህ አሠራለሁ፤ የማይገኘውን አንተ ላክ። ከሁሉ በፊት በጣሪያው መስኮት ዙሪያ ገብቶ ውሃ የሚከለክለውን ጎማ ላክልኝ። ኦልጅራ የድሮውን ሊያወጣ ሞክሮ አልወጣለት አለ፤ ምክንያቱም እኔ በዚያ ዝናብ የደፈንኩት በሬንጅ ነው። መንገድ ከሚሠሩ ሰዎች ለምኜ አፍልቼ ቀባሁት። ውሃውን ለጊዜው አቁሞልኝ ነበር።

ምን ነካሽ እንዳትለኝ። አሠራለሁ አልኩ፤ አሠራለሁ።

ቁስልህ በምሕረት ይጠገን።
እትዬህ ተሾመች


ብሬመን፣ ሚያዝያ 17 ቀን 1988 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ተሾመች፤

ከሐኪም ቤት ወጥቼ ቤቴ ገብቻለሁ። ቀስ እያልሁ እሄዳለሁ፤ ከዚያ በላይ እንዳይጠይቁኝ። ስለ ዋሸሁዎት ይቅርታ፤ እንዲህ ይሆናል ብዬ አልጠበቅሁም።

ግን ሬንጅ! እትዬ፣ ሬንጅ? ላፍቶ ያላየችውን አስፋልት የኔ መኪና ጣሪያ ላይ ያነጥፉት? ደብዳቤውን ሳነብ የተሰፋው ሆዴ ሊፈታ ነበር። ክብረት ደንግጦ «ማን ሞተ?» አለኝ። «ጣሪያዬ» አልኩት።

ቢሆንም ለመኪናዋ እንዲህ ማሰብዎ አስደሰተኝ፤ አልጋ ላይ ሆኜ ያጽናናኝ ነገር እሱ ነው። ጎማውን፣ ማጣበቂያውን፣ የፍሬኑን ዕቃ በጥቅል ልኬያለሁ። አደራዎን፦ ሬንጁ በቢላ አይፋቅ። በነጭ ጋዝ የራሰ ጨርቅ እየተደረገበት ሲለሰልስ በእንጨት ይገፈፍ። ሥሩ ንጹሕና ደረቅ ሳይሆን ጎማው እንዳይገባ። ጎማው ሲገጠም ደግሞ ከጥግ ተጀምሮ እየተገፋ ይግባ እንጂ ፈጽሞ አይጎተት። የተጎተተ ጎማ ብርድና ፀሐይ ሲፈራረቅበት ተመልሶ ይሸሻል፤ ያኔ ውሃ መግቢያ አያጣም። ለኦልጅራ ይህን ቃል በቃል ያንብቡለት።

እጅ እነሳለሁ፤ ሬንጁን ግን ይቅር አላልኩም።
ኢያቄም


ላፍቶ፣ ሐምሌ 8 ቀን 1988 ዓ.ም.

ይድረስ ለኢያቄም፤

ጤናህን እመቤቴ ታጽናልህ። ጥቅሉ ደርሷል። ጉምሩኩ ጎማውን እያገላበጠ «ይኼ ምንድን ነው?» ብሎ ግማሽ ቀን አቆመኝ፤ የጣሪያ መስኮት ጎማ ነው ብለው አላምን አለ። ሰው እንኳን ጣሪያው መስኮት ሊኖረው ግድግዳውም የለው ይላል። ተጨቃጭቄ አወጣሁት።

ሬንጁን ራሴ ገፈፍኩት። ወር ሙሉ እጄ ነጭ ጋዝ ነጭ ጋዝ እያለ ለቅሶ ቤት ስገባ ሰው ከአጠገቤ ይሸሽ ነበር። ጎማውን ኦልጅራ ገጠመው። በፊት ለፊት፣ በቀኝ በኩል ያለው ጥግ ላይ ትንሽ ያጠረ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን አገጣጠመው። አሁን ውሃ ብታፈስበት ጠብ አይልም።

ከዚህ ከኦልጅራ ጋር ግን ሆድና ጀርባ ሆነናል። ፍሬኑን ሠርቶ ጨረስኩ አለኝ። «እትዬ፣ ይይዛል። ሁለቴ ረገጥ ረገጥ ካረጉት ቀጥ ነው የሚያረጋት።»

«ለምን ሁለቴ ይረገጣል? አንዴ ሲረገጥ ይያዝ!»

«ኧረ ታክሲው ሁሉ እንዲሁ ነው የሚሄደው።»

«ይኼ ታክሲ አይደለም» አልኩት። ፈትቶ እንደገና ሠራው። የበሰበሰውን ወለል በቁራጭ ኮምፔንሳቶ ሊጣፍልኝ ሲል ቁራጩን ከእጁ ነጥቄ ጣልኩት፤ ሙሉውን በጽድ ሳንቃ አስለወጥኩት። አይጥ የበላውን ሽቦ አንድ ባንድ አስቀየርኩ። በመጨረሻ እጁን አጣጥፎ «ለሚኒስትር ነው እንዴ የሚሰጧት?» አለኝ። «ከሚኒስትር በላይ» አልኩና አፌን ያዝኩ።

የጎደለው ይኼ ነው። ምድጃዋን የሚያቀጣጥለው ቁልፍ ጠፍቷል፤ ዶሮዋ ሳትበላው አትቀርም። የመጋረጃው ማንጠልጠያ አንዱ ተሰብሯል። መሪው አጠገብ ያለችው ትንሽ ሰዓት ቆማለች። እነዚህን ላክልኝ፤ ያለ እነሱ አልሆነችም።

ጉልበት ይስጥህ።
እትዬህ


ብሬመን፣ ነሐሴ 19 ቀን 1988 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ተሾመች፤

እንዴት ከርመዋል? ሁሉንም ልኬያለሁ። ያቺ ሰዓት ግን እኔ ስገዛትም ቆማ ነበር፤ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጡበት ገበያ ሌላ ፈልጌ እስካገኝ እግሬ ተላጠ። ክብረት «ሴትዮዋ መኪናዋን ሊድሯት ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። እኔም ገርሞኛል፤ አልከፋኝም እንጂ።

የምሥራች ልንገርዎት። ፈቃድ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። ለጥምቀት እመጣለሁ፤ ከበዓሉ በኋላ ክብረትን ይዤ በእሷ እስከ አርባ ምንጭ እወርዳለሁ። እርስዎም ከፊት ይቀመጣሉ። ቁልፉን አዘጋጅተው ይጠብቁኝ።

በደስታ፣
ኢያቄም


ላፍቶ፣ መስከረም 25 ቀን 1989 ዓ.ም.

ይድረስ ለኢያቄም፤

ዘመኑን የምሕረት ያድርግልህ። ይኼን ደብዳቤ ሦስቴ ጽፌ ሦስቴ ቀድጄዋለሁ። አሁን እንደመጣ እጽፈዋለሁ።

ለጥምቀት ና፤ ቤቴ ቤትህ ነው። ለመኪናዋ ብለህ ግን አትምጣ። ካለፈው ጥር ጀምሮ የአንተ አይደለችም።

ክብረት የደወለው ለአስተርዮ ማርያም ዋዜማ ነው። እያለቀሰ «አይተርፍም ብለዋል» አለኝ። ጨውን እዚያው ጥዬ ሀና ማርያም ቤተ ክርስቲያን ድረስ በእግሬ ሄድኩ። በሩ ላይ ተደፋሁ። ምን ልሳል? ወርቄን ባሌ ሲታመም ሸጬዋለሁ። በግ ልበል አልኩና ለአንተ ነፍስ በግ አነሰብኝ። ያኔ ዓይኔ ላይ ድቅን ያለችው እሷ ናት። «እመቤቴ፣ ይኼን ልጅ አንሺልኝና ባለጓዳዋን ነውር ሳይኖርባት አመጣልሻለሁ» አልኩ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እኔ የጨነቀኝ መኪና ተሳልኩ። በሦስተኛው ቀን ክብረት ደግሞ ደወለ፤ ዓይኑን ገለጠ አለኝ።

አሁን ሰዓቷ ለምን እንዳስጨነቀችኝ ገባህ? አንካሳ በግ፣ ዓይኑ የጠፋ በግ ለስለት አይቀርብም። ሁለቴ የሚረገጥ ፍሬን፣ የበሰበሰ ወለል ይዤ እመቤቴ ፊት ልቁም? ከኦልጅራ ጋር የተጣላሁት፣ ያንን ሬንጅ በጥፍሬ የገፈፍኩት ለዚህ ነው። ባለፈው ሁሉ ያልነገርኩህ ሥራው ሳያልቅ እንዳታስቀረኝ ፈርቼ ነው። አሁን አልቋል። ለበዓታ ስለቴን አስገባለሁ።

ትቆጣ ይሆናል። ተቆጣ፤ ለመቆጣትም በሕይወት መኖር ያስፈልጋል።

ተሾመች


ብሬመን፣ ጥቅምት 21 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ተሾመች፤

«እትዬ» ለማለት ዛሬ አልቻልኩም።

ያን ሁሉ ጎማ፣ ያን ሁሉ ብሎን፣ የዚያችን የቆመች ሰዓት ምትክ ሳይቀር በበሽተኛ እግሬ እየዞርኩ የላክሁት ለእኔ መስሎኝ ነበር! የሚያጽናናኝ ሰው አገኘሁ ብዬ አልጋዬ ላይ ሆኜ ደስ ሲለኝ እርስዎ ለካ የኔን ንብረት ለሰው እያስጌጡ ነበር። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለውን ለልጆች ሲናገሩ ሰምቼዎታለሁ። ለእርስዎ አይሠራም?

ያዳኑኝ ሐኪሞች ናቸው። ሆዴን ከፍተው፣ አጥበው፣ የሰፉኝ እነሱ ናቸው። ለእነሱስ ምን ተሳሉላቸው? የገዲሴን የባቄላ ማሳ ይስጧቸዋ፤ የሰው ነገር መስጠት ከተለመደ!

ይህች መኪና ለእኔ ቆርቆሮ አይደለችም። እዚህ ስሜን እንኳ በትክክል የሚጠራኝ የለም። ሌሊት ፈረቃ ቆሜ «መመለሻዬ እዚያ ቆማለች» ብዬ ነው የማነጋው። እሱን ነው አንስተው የሰጡብኝ።

ንስሐ አባትዎን ይጠይቋቸው። በሰው ንብረት ስለት አለ ወይ ብለው ይጠይቁ። እስከዚያው ለኦልጅራ ጽፌያለሁ፤ ሞተሩ የሚነሳባቸውን ካንዴላዎች ነቅሎ እሱ ዘንድ ያስቀምጣል።

ኢያቄም መኩሪያ


ላፍቶ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1989 ዓ.ም.

ይድረስ ለአቶ ኢያቄም መኩሪያ፤

አንተ ወይዘሮ ካልከኝ እኔም አቶ ብያለሁ።

ኦልጅራ ደብዳቤህን ይዞ መጣ። ዓይኔን ማየት አፍሮ «እትዬ፣ ምን ላርግ፣ የመኪናው ጌታ ነው» እያለ ካንዴላዎቹን ነቅሎ በጨርቅ ጠቅልሎ ወሰደ። ስንት ወር ለፍቼ ነውር አጠፋሁላት፤ አንተ ባንድ ደብዳቤ ነውር ጨመርክባት። ደስ ይበልህ።

ንስሐ አባቴ ዘንድም ሄድኩ፤ አንተ ስላልከኝ ሳይሆን ልረታህ ነበር የሄድኩት። ሰምተው ሰምተው «ልጄ፣ ሰው በእጁ በሌለ ነገር አይሳልም። ለቅሶሽን እመቤታችን ሰምታለች፤ ዕቃው ግን የልጁ ነው። ያለ ፈቃዱ ብታመጫት ደጇን አታልፍም» አሉኝ። መስቀላቸውን ተናድጄ ተሳለምኩ። ረታኸኝ፤ እንግዲህ ምን ትሻለህ?

አንድ ነገር ግን ልንገርህ። ስምህ ማን ነው? ኢያቄም አይደል? በስሙ የተጠራህበት ኢያቄምና ሚስቱ ሐና ልጅ አጥተው ሲያለቅሱ፣ ብትሰጠን ለአንተው እንሰጣለን ብለው ለእግዚአብሔር ተሳሉ። ያገኟትን አንዲት ልጅ፣ ገና በሦስት ዓመቷ፣ ወስደው ለቤተ መቅደስ ሰጧት። ሆዳቸው እንዴት ቻለ? በዓታ የሚከበረው ለዚህ ነው። አንተ ኢያቄም ተብለህ ለባለ አራት ጎማ ሳሳህ።

በዓታ ዕለት በሩ ላይ ቆሜ ዋልኩ። እግሬ አልገባ አለኝ። የምናደደው ስለ መኪናዋ እንዳይመስልህ። ስለቱ ሳይገባ አንተ ዳግመኛ ብትታመም ምን ይዤ እሄዳለሁ? ማንን ብዬ እለምናለሁ? ሌላ ዘመድ የለኝም፤ አንተም የለህም። የምፈራው ይኼን ነው።

ቁልፉን በዚህ ፖስታ ልኬልሃለሁ። አንተም ጥምቀት ላይ ስትመጣ ይዘኸው ና።

ተሾመች


ብሬመን፣ የካቲት 18 ቀን 1989 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ፤

ለጥምቀት ያልመጣሁት አኩርፌ አይደለም። ሐኪም ቤት መልሰው ጠርተውኛል። በድሮው ቁስል አጠገብ ያዩት ነገር አለ፤ ቆርጠው ወስደው እየመረመሩት ነው። በዚህ ጊዜ «ትንሽ ነገር» አላልኩም፤ ልብ ይበሉልኝ።

በዚህ ጥቅል ውስጥ ቁልፉ አለ። ከእሱ ጋር ቆንስላ ሄጄ የፈረምኩት የስጦታ ውል አለ። ከዛሬ ጀምሮ መኪናዋ የእርስዎ ናት። ኦልጅራ ካንዴላዎቹን እንዲመልስ ጽፌለታለሁ።

ፈርቼ አይደለም። አምኜም አይደለም። እርስዎ በር ላይ ቆመው መዋልዎን ሳስብ ግን እንቅልፍ አጣሁ፤ እሱም አናደደኝ። በበሽታዬ ላይ ያንን መሸከም አልችልም። እንደወደዱ ያድርጓት። ቢሰሙኝ ግን ለእርስዎ ትሁን እል ነበር፤ ጣሪያዋ ከእርስዎ ቤት ይሻላል።

ኢያቄም


ብሬመን፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1989 ዓ.ም.

እትዬ፣ ይድረስዎት በፍጥነት!

ውጤቱ መጣ፤ ንጹሕ ነው! ምንም የለብኝም! ክብረት ሲጨፍር ጎረቤት ፖሊስ ሊጠራብን ነበር።

አሁን ይመልሱልኝ። መኪናዋ ገና ግቢዎ ውስጥ ናት፤ ኦልጅራ ነግሮኛል። እኔ የዳንሁት ስለቱ ሳይገባ ነው! ስለዚህ ነገሩ ያለ መኪናም ይሆናል ማለት ነው። የላክሁትን ወረቀት ቢመልሱልኝስ? ግማሽ ቀልዴን ነው፤ ግማሹ ግን ቀልድ አይደለም።

ኢያቄም


ላፍቶ፣ ግንቦት 4 ቀን 1989 ዓ.ም.

ይድረስ ለኢያቄም፤ ልጄ፤

ተመስገን። ደብዳቤህን ዳኜ ሱቅ ቆሜ አንብቤ እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ። ዳኜ ክፉ ወሬ መስሎት ውሃ አመጣልኝ። አልቅሼ ስጨርስ ሁለተኛውን ክፍል አነበብኩና ውሃውን ላንተ ልደፋብህ ፈለግሁ።

ወረቀቱን መልሺ? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል አልሰማህም? እኔ ሁለቱንም ነኝ። ስለቱ ሳይገባ ዳንኩ ትላለህ። አዎ! እመቤቴ አምናን ነው፤ ሳንሰጣት ሰጠችን። ያመነህን ሰው እንዲህ ነው የምታደርገው? የተቀበልከውን ተቀብለህ፣ «እንግዲያውስ አልከፍልም» ብሎ በጓሮ መሹለክ? አባትህ መኩሪያ ይኼን ቢሰማ ከመቃብሩ ተነስቶ በጥፊ ይልህ ነበር። ደብዳቤህን አጥፌ ደረቴ ውስጥ ከተትኩና የያዝኩትን ቀጠልኩ።

ለልደታ፣ ሐናና ኢያቄም ልጃቸውን ባገኙበት ቀን፣ ወሰድኳት። ኦልጅራ ካንዴላዎቹን መልሶ፣ አጥቦ፣ አብሶ፣ እሱ ነዳት፤ እኔ ከፊት ተቀመጥኩ። ከላፍቶ ሀና ማርያም ድረስ ጭቃው እስከ ጎማዋ ወገብ ነበር፤ አንዴም አልቆመችም። ቁልቁለቱ ላይ ኦልጅራ ፍሬን ያዘ። አንዴ ረግጦ። ዞር ብሎ አየኝና «እትዬ፣ አንዴ ነው የረገጥኩት፤ ይመስክሩልኝ» አለኝ። ሰዓቷም ትሠራ ነበር።

ንስሐ አባቴ የስጦታውን ወረቀት ሁለቴ አነበቡት። ከዚያ ሕዝቡ ፊት ያንተን ስም ጠርተው መረቁ፤ እልልታው አንተ ዘንድ ካልደረሰ ጆሮህን ታከም። አንዱ ከደብሩ ኮሚቴ «በጨረታ ትሸጥ» አለ። ከሕዝቡ መሃል ተነስቼ ጮህኩ። «በእጄ ሬንጅ የገፈፍኩት ለጨረታ ነው? ጠበል የሚመጣ በሽተኛ በዝናብ እየተደበደበ አልጋና ምድጃ ያላት መኪና ትሸጣለች?» አልኩ። በኋላ ንስሐ አባቴ እየሳቁ «በዚች ሴት ስለት ላይ የሚጫረት ደፋር የለም» አሉና እንዳትሸጥ ተወሰነ። አሁን ጠበሉ አጠገብ፣ ዛፍ ሥር ቆማለች። ከሩቅ ሕፃን ይዛ የምትመጣ እናት ታድርባታለች። የመጀመሪያዋ ከሰበታ የመጣች ናት፤ ልጇ ሆዱን ታሞባታል። አንተ በሠራኸው አልጋ ላይ ተኝቷል። ይኼን ስሰማ ንዴቴ ሁሉ ለጥቂት ጊዜ ጠፋ።

ለጥቂት ጊዜ ነው ያልኩህ። ማግሥቱን ዘነበ። ስንቅ ይዤ ልጠይቃት ብሄድ ሴትዮዋ ልጁን ወደ ግራ አስጠግታ ተቀምጣለች። ቀና ብዬ አየሁ። በፊት ለፊት፣ በቀኝ በኩል ያለው ጥግ! ጠብ... ጠብ... ይላል። ያ ኦልጅራ ጎትቶት ኖሯል። አይጎተት ብለህ የጻፍከውን ቃል በቃል ያነበብኩለት እኔ፣ ዓይኔ እያየ አገጣጠመው ብዬ ያለፍኩት እኔ! ነውር የለባትም ብዬ በሕዝብ ፊት አስረክቤ ነውር ሰጠሁ። እስካሁን እፍረቱ አልለቀቀኝም።

ስለዚህ እኔም ኦልጅራም ተሰድበናል፤ ተራው ያንተ ነው። የጣሪያውን መስኮት ጎማ ላክ። በዚህ ጊዜ ረዘም ያለ ይሁን። ክረምቱ ሳይገባ ይድረስ። አልልክም የምትል ከሆነም ነግሬሃለሁ፤ ከእንግዲህ የምትከለክለው እኔን አይደለም።

እመቤቴ በእድሜ ታቆይህ፤ ጥምቀት ላይ መጥተህ ራስህ ትገጥመዋለህ።

እትዬህ ተሾመች